ባለ ሁለት ሰረዙ ይቅደም

ማስተዋል ሞጣ ተመድባ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። በነዚህ ሁለት ዓመታት ከጊዮርጊስ ወደ ገበያ የሚያወርደውን አቋራጭ አንድ ቀን እንኳ ረግጣው አታውቅም። ሌላው ሰው በአምስት ደቂቃ የሚደርስበትን እሷ ዙሪያ ጥምጥም ትሄድና ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ባልደረቦቿ «ምነው፣ እዚያ ሰፈር ውሻ ነክሶሻል እንዴ?» ይሏታል፤ እሷም «አዎ፣ ነክሶኛል» ብላ ትገላገላለች። ውሻ የሚባል የለም።

በዚያ መንገድ ዳር፣ አረንጓዴ ከተቀባ የቆርቆሮ በር አጠገብ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌ አሉ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ይባላሉ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ሊድያ «ልጡርዎት» ብላ ከቢቸና አምጥታቸው ነው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማስተዋልን ሰድበዋት አያውቁም። የሰደበችው እሷ ናት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ቢቸና ላይ፣ ቪዲዮ ቤት ሙሉ ሰው ፊት ተነሥታ «ውሸታም!» ብላቸዋለች። ሽማግሌን! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ አበው። የማስተዋል ነገር ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ የተወጉት ይርሱ አይርሱ አይታወቅም፣ የወጋችው ግን ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አልረሳችም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በጃፓን አውሬ ነው። አትሳቁ። የጃፓን አውሬ ስል ፊልም ነው፤ ተራራ የሚያክል፣ ሲራመድ ምድር የሚያንቀጠቅጥ፣ ከተማ ረግጦ የሚያልፍ አውሬ ያለበት የድሮ ፊልም። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው፣ መልኩ በካናቴራ የሚታተም ዝነኛ አውሬ አለ፤ እሱን ተዉት። ቢቸና የደረሱት በገዛ አገራቸው እንኳ የሚያስታውሳቸው ሰው ያነሰ፣ ታናናሾቹ ናቸው።

አመጣጣቸውም እንዲህ ነው። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በሚሠራበት ጊዜ፣ ይታያል የሚባል የቢቸና ጎረምሳ ደጀን ካምፕ ውስጥ ዕቃ ቤት ይሠራ ነበር። አንድ በዕድሜ የገፋ ጃፓናዊ ኢንጂነር ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ሻንጣው ሞልቶበት ይሁን ይታያልን ወድዶት፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ሲዲ ከነማጫወቻው አሸከመው። እያንዳንዱ ፊልም በሁለት ሲዲ የተቀዳ ነው። ሲዲዎቹ ላይ በእጅ የተጻፈ የጃፓን ጽሕፈት አለ፤ ከጽሕፈቱ ግርጌ በአንደኛው ሲዲ ላይ አንድ ሰረዝ፣ በሌላው ላይ ሁለት ሰረዝ ተሰምሯል። ከዚህ በቀር ሰው የሚያነበው ነገር የለም።

ይታያል ቢቸና ተመልሶ አንድ ክፍል ተከራየና በራሱ ስም ቪዲዮ ቤት ከፈተ። መብራት በጠፋ ቁጥር ልጆቹ «አይታይም!» እያሉ ይጮኹበት ነበር። የባሰው ግን ቋንቋው ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሰዉ «ምንድን ነው የሚሉት?» እያለ ግማሹ አቋርጦ ወጣ። ይታያል ጨነቀው። በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉትን ጋሽ ሀብተ ሥላሴን ሄዶ ለመናቸው። አሥራ አራት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጠው፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜም ቀምሰው፣ ቄስም መምህርም ሳይሆኑ የቀሩ ሰው ናቸው።

«ጃፓንኛ ይችላሉ?» አላቸው።

«አልችልም።»

«ታዲያ ይተረጉሙልኛል?»

«ሰው ሲቆጣ ፊቱ የሚቆጣው በየትኛው ቋንቋ ነው?» አሉት። በማግስቱ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ።

አቤት፣ ያኔ የነበረው! ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ ይቀመጡና በመቋሚያቸው ጫፍ እያመለከቱ ይተርካሉ። ትርጓሜ ቤት እንደ ተማሩት፣ ለአንድ ነገር አንድ ትርጉም ሰጥተው አያርፉም። «እሜቴ ድንጋዬ ባቡሩን ለምን አነሣችው? አንድም እባብ መስሏት ነው። አንድም ርቧታል፤ እንደ ባቄላ እሸት ልትፈለፍለው ነው። አንድም ውስጡ ያሉትን ሰዎች ቀረብ ብላ ልታያቸው ነው፤ ያን ያህል ትልቅ ሆኖ ብቻውን የሚኖር ፍጡር ሰው ይናፍቀዋልና።» ሰዉ ማጨብጨብ ሲጀምር ከለከሉ። «ጭብጨባ የስብሰባ ነው። ደስ ካላችሁ እንደ ቅኔ ቤት ይበል በሉ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ጎረምሳውም፣ ነጋዴውም፣ የትምህርት ቤት ልጁም አንድ ላይ «ይበል! ይበል!» እያለ ቆርቆሮውን ያነቃንቀው ጀመር።

እሜቴ ድንጋዬ ያሏት ከሁሉም የተወደደችዋ አውሬ ናት። ጀርባዋ ሙሉ ድንጋይ ነው፤ ዓይኗ ግን የላም ዓይን ነው፣ ትልቅና ረጋ ያለ። ሌሎችም ነበሩ፤ ከበረዶ ውስጥ የወጣ ባለ ቀንድ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ገመዱ የሚታይ በራሪ። ቢቸና ግን ልቧ ከእሜቴ ድንጋዬ ጋር ነበር። በቢቸና አቆጣጠር የፊልሙ ነገር እንዲህ ይሄዳል፦ መጀመሪያ እሜቴ ድንጋዬ ስትሳደድ እናያለን፤ ታንክና አውሮፕላን ያጣድፏታል፤ ተራራ ላይ ካለ ሐይቅ ዳር ትወድቃለች፤ ዓይኗ ይከደናል፤ ውሃው ይውጣታል። ያኔ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ሲዲውን ይለውጣሉ። ዝም ያለ ሐይቅ ይታያል፤ በላዩ ላይ ብዙ የጃፓን ጽሕፈት እየተደረደረ ያልፋል። «ይህ የምስጋና ነው» ይላሉ። «ለመነሣቷ የደከሙ ሰዎች ስም ነው የሚጠራው።» ስሙ ተጠርቶ ሲያልቅ ሐይቁ አረፋ ይደፍቃል፣ ያ የላም ዓይን ይገለጣል፣ እሜቴ ድንጋዬም ውሃውን እያራገፈች ትነሣለች። ቤቱ በእልልታ ይደበላለቃል። ስትራመድ፣ ስትራመድ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ አንድ ከተማ አቅጣጫ እየሄደች ፊልሙ ይቆማል። «ወደ ቤቷ ሄደች» ብለው ጋሽ ሀብተ ሥላሴ መቋሚያቸውን ያወርዳሉ።

ማስተዋል እዚያ ቤት የፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ አደገች ማለት ይቻላል። እናቷ ይርጋነሽ ስትሞት ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደገቻት አክስቷ ፋንታነሽ ናት። የቀረውን ሁሉ እየረሳች የእሜቴ ድንጋዬን አረማመድ ግን በቃሏ ታውቀው ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ጎረምሳ «ኧረ ጀርባዋ ላይ ዚፕ አለ! ጎማ የለበሰ ሰው ነው!» ብሎ ሳቀ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ አልተቆጡም። «አዎ፣ ውስጧ ሰው አለ» አሉ። «ያ ሰው በዚያ ሙቀት ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ እኛ ደስ እንዲለን ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል። ቤቶቹንም አንድ ሰው ተቀምጦ፣ መስኮት በመስኮት፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ሠርቷቸዋል፤ በአንድ ደቂቃ እንደሚረገጡ እያወቀ። ለሰው ብሎ ድንጋይ በተሸከመ ሰው አይሳቅም።» ጎረምሳው አፈረ። ማስተዋል ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያን ትንንሽ ቤቶች በልዩ ዓይን ታያቸው ጀመር።

አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሰባተኛ ክፍል ስትገባ ግን ማስተዋል ዐዋቂ ሆነች፤ የሰባተኛ ክፍል ዐዋቂ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጡትን ሲዲዎች አየች፤ አንድ ሰረዝ፣ ሁለት ሰረዝ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ እንደ ልማዳቸው ባለ ሁለት ሰረዙን አንሥተው ሲከቱ ብድግ አለች።

«ጋሽ ሀብተ ሥላሴ፣ ተሳስተዋል! ይሄ እኮ ሁለተኛው ነው!»

ይታያል ሳቅ እያለ ባለ አንድ ሰረዙን ከተተው። ሙዚቃው ተነሣ፣ ያ ጽሕፈት ተደረደረ፣ ለማንም ግልጽ ነበር፤ የፊልሙ መጀመሪያ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «ወይ ጉድ! አምስት ዓመት ሙሉ ሬሳ ሲያስነሡልን ኖሩ!» አለ አንዱ። ሳቁ ለማስተዋል ሞቅ አላት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ «ቋንቋውንም አይችሉም! ሁሉንም ከራሳቸው ነው የሚፈጥሩት! ውሸታም ናቸው!» አለች።

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ አዩዋት። ከዚያ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ መቋሚያቸውን አነሡ። «ልጅቷ ልክ ናት» አሉና ወጡ። ተመልሰውም አልመጡ።

ማስተዋል አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች። አንድ ቀን ላይብረሪ ተቀምጣ ኢንተርኔት ላይ ስትዳክር ያቺን የላም ዓይን አገኘቻት፤ ጥርት ያለች፣ ከግርጌዋ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያላት። በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከዳር እስከ ዳር አየቻት። ደስ አላት፤ ግን አንድ ነገር ጎደላት። ወታደሮቹ ስለ ግድብና ስለ ስብሰባ ነው የሚያወሩት፤ እሜቴ ድንጋዬ ለምን ባቡሩን እንዳነሣች አንድም ሰው አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ የተረሱትን የአውሬ ፊልሞች አንድ በአንድ እየፈለገች ማየት ልማዷ ሆነ። ጓደኞቿ ዝነኛውን ትተሽ ምን ይሄን ታሳድጃለሽ ሲሏት፣ እነዚያን ትንንሽ ቤቶች እያሳየች «መስኮቱን እዩት! መጋረጃ እኮ አለው!» ትላቸዋለች። ያን ማየት ያስተማራት ማን እንደሆነ ሲታወሳት ግን ኀፍረት ይይዛታል።

ዘንድሮ ለግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ቢቸና ሄደች። ይታያል ዛሬ በዚያው ቤት ስልክ ይጠግናል። ዕቃ ሲያራግፍ ደረሰች።

«መጣሽ?» አላት። «ያችን ካርቶን ታስታውሻታለሽ? ልጥላት ነው፤ ካልሽ ውሰጃት።»

ካርቶኗ አቧራ ጠጥታለች፤ ሲዲዎቹ ግን በጋዜጣ ተጠቅልለው ደህና ናቸው። ማስተዋል ባለ አንድ ሰረዙንና ባለ ሁለት ሰረዙን በእጇ ይዛ አገላበጠቻቸው።

«ከዚያች ቀን በኋላ ስንቴ ለመንኳቸው መሰለሽ» አለ ይታያል። «ልጅቷ ልክ ናት ብለው እምቢ አሉ። እኔንም እምቢ፣ ሌላውንም እምቢ። ያለ እሳቸው ሰዉ ሸሸ፤ ዓመት ሳይሞላ ዘጋሁት።» ፊቷ ሲለወጥ አይቶ ቶሎ ጨመረ፦ «አንቺን አልወቅስም፤ ልጅ ነበርሽ። ሞጣ ናቸው አሉ፤ አንቺም ሞጣ ነሽ። ሄደሽ አይተሻቸዋል?»

«እሄዳለሁ» አለች ማስተዋል። ስትለው ለራሷም አዲስ ነገር ነበር።

በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ስትመለስ ካርቶኗን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች ነው። የመኪናው ረዳት ጣሪያው ላይ ልሰረው ቢላት እምቢ አለች። በልቧ ያሰበችው እንዲህ ነው፦ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ፊልሟን በትክክሉ አይተዋት አያውቁም። ላሳያቸው፤ ትንንሾቹን ቤቶች፣ መጋረጃዎቹን፣ ዓይኗን ይዩ። ይቅርታም ልጠይቅ፤ ይቅር ካሉኝ እሰየው። ካላሉኝም ያን አቋራጭ መንገድ እንደማልሄድበት ልወቀው።

እሑድ ከምሳ በኋላ ካርቶኗን ከነማጫወቻው ትከሻዋ ላይ አደረገች። በአገሩ ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው። መምህርት ናትና ድንጋይ ተሸክማ ብትወጣ ተማሪዎቿ ሁሉ ይከተሏታል፤ ለካርቶኗ ግን ማንም ዞር ብሎ አላያትም። አቋራጩን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወረደችው። አረንጓዴውን በር ስታንኳኳ ሊድያ ከፈተች።

«እንዴ፣ ቲቸር! ምንድን ነው እሱ? አምጪ ልያዝልሽ።»

«አይ፣ አውርጂ ካላሉኝ አላወርድም።»

ሊድያ የቢቸና ልጅ ናት፤ ገባት። ወደ ውስጥ አሳለፈቻት።

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ መደብ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፤ መቋሚያቸው ከጎናቸው ነው። ማስተዋል የበሩ ደፍ ላይ ቆማ አንገቷን ደፋች።

«ጋሽ ሀብተ ሥላሴ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

ቀና አሉ። ወደ እሷ ሳይሆን ወደ በሩ መቃን ነበር ፊታቸውን ያዞሩት። ማስተዋል ያኔ እንደማያዩ ገባት። ሊድያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ግላኮማ ነው ያሉን» አለቻት። «አምና ትንሽ ትንሽ ያዩ ነበር። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ እሱም የለም።»

አምና! አምና ማስተዋል እዚሁ ሞጣ ነበረች፤ አምስት ደቂቃ ርቀት ላይ፣ ዙሪያ ጥምጥም እየዞረች። በገዛ እጇ ያበላሸችውን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ያበላሸችው መሰላት።

«ማን ናት?» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ።

«ማስተዋል ነኝ፤ የቢቸናዋ። የፋንታነሽ…»

«የይርጋነሽ ልጅ» አሉ። ማስተዋል ደነገጠች። በእናቷ ስም ጠርቷት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ቢቸና ሁሉ የፋንታነሽ ልጅ ነው የሚላት። «ምን ተሸክመሽ ነው እንዲህ የሚያስለከልክሽ?»

«የይታያልን ካርቶን።»

«እሜቴ ድንጋዬ አለችበት?»

«አለችበት።»

«አውርጂዋ እንግዲያ፣ ትከሻሽ ሊገነጠል ነው! ሊድያ፣ ቴሌቪዥኑን ክፈችው እስቲ።»

«ይቅርታውስ?»

«ፊልሙ ይቅደም» አሉ።

«ግን እኮ… እርስዎ…»

«አንቺ ታዪ የለ? ንገሪኛ! እኔ ለስንት ሰው ስነግር ኖሬያለሁ፤ ለእኔ የሚነግረኝ ይጥፋ?»

ማስተዋል ማጫወቻውን ሰካች። «ዛሬ በትክክሉ ላሳይዎት» አለች። «እንደ ወደድሽ» አሉ፤ ፈገግም አሉ። ባለ አንድ ሰረዙን አስገባች። ኢንተርኔት ላይ ያነበበችውን ትርጉም ደህና አድርጋ ታስታውሰዋለች፤ አንድ ቃል ላለመሳት እየተጠነቀቀች ጀመረች። «ወታደሩ ግድቡ ተሰንጥቋል ይላል። ሚኒስትሩ ስብሰባ ይጠራ ይላል። ፕሮፌሰሩ ደግሞ ይህ ከጥንት ዘመን የተረፈ ፍጡር ነው ይላል…»

«ኧረ ልጄ!» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ። «ፊልም ነው ወይስ ቃለ ጉባኤ? እሷ ለምን ወጣች? አንድም የሚለው የታለ?»

ሊድያ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ማስተዋልም ሳቀች፤ ስትስቅ ምላሷ ተፈታ። «እሺ። ለምን ወጣች? አንድም በድማሚት ቀስቅሰዋት ነው። አንድም…» ፈራ ተባ አለች፣ ከዚያ ቀጠለች። «አንድም ሲያወሩ ሰምታ ስለ እሷ መስሏት ነው።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ሚኒስትሩንም ስብሰባውንም ትታ የላም ዓይኗን፣ ባቡሩን፣ በጉርድ ጣቷ ብቻ ነክታ ያለፈቻትን ትንሽ ቤት መንገር ያዘች። «መጋረጃ አላት ቤቲቱ» ስትላቸው «ምን ዓይነት?» አሉ። «አበባ ያለው፣ ጥፍር የምታክል።» «እግዜር ይስጠው የሰፋውን» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ።

ባለ ሁለት ሰረዙ ገባ። ታንኩ መጣ፣ አውሮፕላኑ መጣ። «ሐይቁ ዳር ደረሰች… ጀርባዋ ላይ ያሉት ድንጋዮች አንድ በአንድ እየወደቁ ነው… ተንበረከከች… ዓይኗ…» ድምፅዋ ተቋረጠ። ይህንኑ ብቻዋን አሥር ጊዜ አይታዋለች፤ ምንም አላላትም ነበር። በአፍ መናገር ግን ሌላ ነገር ሆነባት። እንባዋ መጣ።

«ያን ጊዜም ያለቀስሽው እዚህ ጋ ነው» አሉ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ።

«የት? መቼ?»

«እሜቴ ድንጋዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢቸና በታየች ቀን። አንድ ሰረዝ አስቀድመን፣ ሁለት ሰረዝ አስከትለን ነበር ያሳየነው። አሥራ አራት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጬ አንድና ሁለት መቁጠር የሚያቅተኝ መስሎሽ ነው?» ሳቅ አሉ፤ ቶሎም ተዉት። «የእናትሽ አርባ ገና አልወጣም። ፋንታነሽ ልቧ ትንሽ ይርሳ ብላ ይዛሽ መጣች። ይቺ ፍጡር ዓይኗን ስትከድን ተነሥተሽ ቀስቅሷት እያልሽ ጮኽሽ። ሰዉ ሁሉ ወጣ፤ አንቺ አልወጣም አልሽ። ወንበሩን አቀፍሽ። ምን ልበልሽ? ነገ ትነሣለች አልኩሽ። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ካልኩ በኋላ ደግሞ ጨነቀኝ፤ ለልጅ ነገ ብሎ መዋሸት ነውር ነው።»

ማስተዋል ምንም አታስታውስም። አስታውሳለሁ ብላ የምታስበው እልልታውን ብቻ ነው።

«በማግስቱ ለይታያል ባለ ሁለት ሰረዙ ይቅደም አልኩት። ምክንያቱን አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝ። ተነሣች። አንቺም ሳቅሽ። ያን ሳቅ ካየሁ በኋላ መልሼ ልግደላት?»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገሩኝም?» ማስተዋል አሁን እያለቀሰች ነው፤ በግልጽ። «ውሸታም ስልዎት፣ ሰው ሁሉ ሲስቅብዎት!»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? እናት ለሌለሽ ላንቺ ስል ነው ልበልሽ? በአሥራ ሦስት ዓመትሽ? ውሸታም መባል ይቀላል።»

«ትረካውን ለምን ተዉት ታዲያ?»

ጋሽ ሀብተ ሥላሴ መቋሚያቸውን በእጃቸው አሻሹ። «ሁለት ሳምንት ያህል ተቀይሜሻለሁ፤ ምን ልዋሽሽ። ሲያልፍልኝ ግን አሰብኩት። ልጅቷ ሰረዙን ቆጠረች፤ መሞቷን ዐውቃ፣ ቆማ፣ ትስቃለች። እንግዲህ ሥራዬ አልቋል አልኩ። የቀረው ሰው በደስታው ነበር የሚመጣው፤ እኔ የማስነሣት ላንቺ ብዬ ነበር።»

ማስተዋል ከወንበሯ ወርዳ ጉልበታቸውን አቅፋ ሳመች። ይቅር ይበሉኝ ልትል ነበር የወረደችው፤ አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ሀብተ ሥላሴ።» ሽማግሌው ራሷን ዳሰሱ።

«ተይ ተይ፣ በቃሽ። አሁን ባለ ሁለት ሰረዙ ቀድሟል አይደል? ያኛውን አስገቢ እንጂ! ሐይቅ ውስጥ ትተሻት ልትሄጂ ነው?»

ማስተዋል ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ባለ አንድ ሰረዙን መልሳ አስገባች። ዝም ያለው ሐይቅ ታየ፤ ጽሕፈቱ ይደረደር ጀመር።

«ምን ይታያል?» አሉ።

«ምስጋናው ነው። የደከሙት ሰዎች ስም እየተጠራ ነው።»

«እነማን ናቸው?»

ማስተዋል ከጽሕፈቱ አንዲት ፊደል አታውቅም። «የመጀመሪያው» አለች «ጎማውን ለብሶ፣ ላቡ እየፈሰሰ ድንጋይ የተሸከመው ሰው ነው። ቀጥሎ መጋረጃዎቹን የሰፋው። ቀጥሎ ዓባይ በረሃ ላይ ድልድይ ሠርቶ ሲሄድ ካርቶኑን የተወልን ኢንጂነር። ከሱ በታች ይታያል። ፋንታነሽ አለች። ይኸው አሁን ደግሞ በትልቁ፣ ብቻውን፣ ሀብተ ሥላሴ የሚል መጣ።»

«የኔ ስም? በጃፓን ጽሕፈት?»

«በጃፓን ጽሕፈት» አለች። «ውሸታም ይበሉኝ።»

 ጋሽ ሀብተ ሥላሴ መቋሚያቸውን አንሥተው መሬቱን መቱ። «ይበል!» አሉ። «ይበል፣ የይርጋነሽ ልጅ!» ሊድያም ከኋላ «ይበል!» አለች።

ጽሕፈቱ አለቀ፤ ሐይቁ አረፋ መድፈቅ ጀመረ። ሽማግሌው መቋሚያውን ወደ ድምፅዋ አቅጣጫ ዘረጉላት። ማስተዋል ተቀበለቻቸውና በጫፉ ቴሌቪዥኑን እያመለከተች፣ በማያዩት ሽማግሌ ፊት፣ የላም ዓይኗ እንዴት እንደ ተገለጠ መንገር ቀጠለች።